ቁርጥ እሱን

አክስቴ ሹራቡን የገዛችው ለወንድሟ ነው። ቡናማ፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ፣ ዋጋው የተጻፈባት ወረቀት ገና ብብቱ ሥር የተንጠለጠለች። የጥቅምት ብርድ ደሴ ላይ አጥንት ይሰብራል፣ ልቡን የታመመ ሰው ደግሞ ብርድ አይችልም ብላ፣ ከሥራ ስትወጣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሄዳ ነው ያመጣችው። ማታ በሬን አንኳኩታ «እስቲ ልበሰው፤ ቁመታችሁ አንድ ነው» አለችኝ። ለበስኩት። እጅጌውን ሳብ ሳብ አደረገች፣ ትከሻውን አስተካከለች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችኝና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ቁርጥ እሱን!» አለች።

አጎቴ ከሞተ ያን ዕለት ሃያ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ አውቃለሁ። እሷ አታውቅም። ፈገግ ብዬ «ልኩ ነው፣ እቴቴ» አልኳት፤ ሹራቡን አውልቄ አጥፌ ሰጠኋት።

በዚያ መንፈቅ ዓመት ማታ ማታ አንድ ኮርስ እወስድ ነበር፤ የጥንት ተረት እንዴት ለመድረክ እንደሚበቃ የሚያስተምር። ለምን መረጥከው ብትሉኝ፣ ቀላል ስለመሰለኝ ነው። አዲስ አበባ ቴአትር ተምሬ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ሐምሌት» ገጽ በገጽ ሸምድጄ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሜሪላንድ ያለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ምን ልታስተምረኝ ነው የሚል ትዕቢት ነበረብኝ። ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ማታ ደግሞ ሳልደክም «ኤ» አፍሳለሁ። ዕቅዴ ይኸው ነበር።

የምናጠናው ሥራ የሜሪ ዚመርማን «ሜታሞርፎሲስ» ነው። መነሻው የሮማዊው ባለቅኔ የኦቪድ መጽሐፍ ነው፤ አሥራ አምስት ክፍል፣ ወደ 12,000 ስንኝ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ተረት ያለበት፣ ሰው ወፍ፣ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ምንጭ የሚሆንበት መጽሐፍ። ኦቪድ ይህን ጽፎ ሳይጨርስ፣ ወይም እሱ እንዳማረረው የመጨረሻ እርማቱን ሳያደርግበት፣ እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ ከሮም አባረረው፤ ዛሬ ሮማኒያ በምትባለው አገር ጥቁር ባሕር ዳር ላይ ተጥሎ እዚያው ሞተ። ለአገሩ ሰዎች ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሲለማመጥ፣ መልስ ሲጠብቅ። ይህን ስሰማ ሰውየውን ወደድኩት። ስደተኛ ስደተኛን ያውቀዋል።

ዚመርማን ከዚያ ሁሉ ተረት ጥቂቱን መርጣ፣ ዴቪድ ስላቪት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን ተመርኩዛ፣ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎች ጋር ሞከረችው። በ1998 ቺካጎ፣ በ2001 ኒው ዮርክ፣ በ2002 ብሮድዌይ ገባ፤ በዚያው ዓመት በአዘጋጅነቷ የቶኒ ሽልማት አገኘች። ቴአትሩን የታወቀ ያደረገው ግን ውኃው ነው። የመድረኩ መሃል ገንዳ ነው፤ እውነተኛ ውኃ የሞላበት፣ ዙሪያውን በእንጨት ወለል የተከበበ። ያ ገንዳ አንድ ጊዜ ባሕር ነው፣ አንድ ጊዜ የባለጠጋ መዋኛ፣ አንድ ጊዜ የሙታን ወንዝ። ተዋናዮቹ ይገቡበታል፣ ይታገሉበታል፣ ልብሳቸው ከገላቸው ተጣብቆ ይወጣሉ። ሳይረጥብ የሚጨርስ የለም ማለት ይቻላል።

ሌላው ልማዷ ተዋናዩ ስለ ራሱ እንደ ሦስተኛ ሰው እንዲያወራ ማድረጓ ነው። አንዲት ሴት እያለቀሰች «አለቀሰች» ትላለች። አንድ ሰው እየሄደ «ሄደ» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው የተማሪ ሥራ መሰለኝ፤ ድርጊትና ተረክ ያልተለየበት። መምህራችን ግን «እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ተረኩ መሸሸጊያ እንዳይሆናችሁ» አሉ። በማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም።

የፋይቶን ተራ የደረሰ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ፋይቶን የፀሐይን ሠረገላ ካልነዳሁ ብሎ ምድርን ያቃጠለው ልጅ ነው። በዚመርማን ቴአትር መነጽሩን አድርጎ፣ ቢጫ ተንሳፋፊ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ገንዳው ዳር ለተቀመጠች የሥነ ልቦና ሐኪም ስለ አባቱ ያማርራል፤ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። በኦቪድ መጽሐፍ ግን እናቱ ክሊሜኔ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሜሮፕስ ሚስት ናት፤ ልጁ አባቱን ፍለጋ የሚነሳው ከዚያ ነው፤ ኢትዮጵያውያንም የጠቆሩት በዚያ ቃጠሎ ነው ይላል ሰውየው። ታዲያ ዝም እላለሁ? አሥር ደቂቃ ተናገርኩ። አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት አልኩ፤ ትሮይ ላይ የወደቀው ሜምኖን የንጋት ልጅና የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው አልኩ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚጠራበት ስም እንደነበር፣ የእኛን ደጋ ለይቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ ያን ግን አላነሳሁም። መምህራችን ጨርሼ ስቀመጥ «ስለ አገርህ ብዙ ነገርከን። ስለ ልጁ ግን ምንም አላልክም» አሉኝ። ተማሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አባት ፍለጋ የወጣ ልጅ ታሪክ እንደነበር ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስሄድ ባቡር ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ተረት ደለደሉን። ለእኔ አልኪዮኔና ኬይክስ ደረሱኝ። የኦቪድን አሥራ አንደኛ ክፍል ከቴአትሩ ጋር አወዳድሬ መጻፍ፣ በመጨረሻም ትዕይንቱን ከሌሎች ጋር ሆኜ መሥራት ነበረብኝ። የእኔ ድርሻ መንፈሱ ነው፤ ሞቶ በሕልም የሚመጣው ባል።

ታሪኩ አጭር ነው። ኬይክስ ንጉሥ ነው፤ ጠንቋይ ሊጠይቅ በባሕር ይሄዳል። ሚስቱ አልኪዮኔ የነፋሳት ጌታ ልጅ ናት፤ ነፋስ ምን እንደሚያደርግ በአባቷ ቤት በልጅነቷ አይታለች፤ አትሂድ ብላ ትለምነዋለች። ጨረቃ ሁለት ጊዜ ሳትሞላ እመለሳለሁ ብሎ ይምልላታል። ማዕበል መርከቡን ይሰባብረዋል፤ ውኃው አፉን እስኪሞላው ድረስ ስሟን እየጠራ ይሰምጣል። እሷ ይህን አታውቅም። ሌሊቱን ትቆጥራለች። ሲመለስ የሚለብሰውን ልብስ ትሠራለች። ዕጣን ይዛ ወደ አማልክቱ ቤት ትሄዳለች፤ ከሁሉ አብልጣ ወደ ዩኖ። ባሌን በደህና መልሺልኝ ትላለች።

ይህን ያነበብኩት ጋራዡ ውስጥ፣ መኪና በሌለበት ሰዓት ነው። ሲመለስ የሚለብሰውን ልብስ የሚለው ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። አንድ መኪና መጣ፣ ሒሳብ ተቀበልኩ፣ መልሱን አሳስቼ ሰጠሁ፤ ሰውየው ጥሩምባ ነፋብኝ።

የእኛ ቤትም ዕጣን ይጨሳል። አክስቴ ማታ ማታ ከሥራ ገብታ፣ እግሯን ሞቅ ባለ ውኃ ነክራ፣ ከዚያ የጭስ ደወሉን ባትሪ ታወጣለች። ወንበር ላይ ወጥታ፣ ባትሪውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትወርዳለች። ያንን ሳታደርግ ብታጨስ ደወሉ ሕንፃውን ሙሉ ያስነሳል፤ አንዴ እሳት አደጋ እስከ በራችን መጥቶ ያውቃል። ከዚያ ፍሙን ታራግባለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ «ወንድሜን ማርልኝ፤ ዘንድሮን ብቻ አሳልፍልኝ፤ ቁልቢ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» ትላለች። ግድግዳው ስስ ነው። ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ቃል በቃል እሰማለሁ።

ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። የመስቀል ሰሞን፣ መስከረም 19 ቀን፣ የአጎቴ ልጅ ከደሴ። አለቀሰችና «ለእሷ እንዳትነግራት፤ እንደ ደንቡ ሰው ይዘህ» አለች። የእድራችንን ሊቀመንበር አማከርኩ። እሳቸውም «የቤት ልጅ አንተ ነህ፤ ቀኑን አንተ ንገረንና እንመጣለን» አሉ። ውሳኔው በእኔ እጅ የገባው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምክንያቴ እውነተኛ ነበር፦ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ነበረባት፤ መቶውን ጥያቄ ፓስታ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ስትሸመድድ የከረመች ሴት ናት። ይለፍላት ብዬ ያዝኩት። አለፈላት። በደስታ ብዛት ነው እንግዲህ ሹራቡን የገዛችው፤ «ፓስፖርቴ ሲመጣ ለፋሲካ ሄጄ አቅፈዋለሁ» እያለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ምክንያት ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። ደሟ ከፍ ብሏል፣ ይውረድ። የቅዳሜ ፈረቃ ገብታለች፣ ትጨርስ። የምስጋና ቀን ደረሰ፣ ሁለት እጥፍ ይከፈላል፣ አያምልጣት። መርዶ አሜሪካ ውስጥ ቀን ይጠይቃል፤ ቅዳሜ ወይም እሁድ መሆን አለበት፣ የሽማግሌዎቹ ፈረቃ መግጠም አለበት፣ መኪና ያለው ሰው መገኘት አለበት። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው አገሩ ተመቻችቷል።

ሰበብ አይደለም፣ ውሸት ነው የምለው ግን አንድ ቀን አለ። ሹራቡ ሳይገዛ በፊት፣ አሥራ አምስተኛው ቀን ገደማ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር አምጥታ ሰጠችኝ። «የልብ መድኃኒቱ አልቆበታል ብለሃል አይደል፤ ቶሎ ላክለት» አለች። ብያለሁ። ከወር በፊት፣ በሕይወት እያለ። ብሩን ይዤ ወጣሁና ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። «ምን ላድርገው?» አልኳት። ዝም አለች፤ ዝም አለችና «ለአርባው ይሆናል፣ ላከው» አለች። ላክሁት። በዚያ ብር በግ ተገዛ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ካህናት በሉ። አክስቴ የገዛ ወንድሟን ተዝካር ደግሳ ሳታውቀው ቀረች። በሳምንቱ «መድኃኒቱን ጀመረ?» ስትለኝ «ጀምሯል» አልኳት። «ድምፁን አሰማኝ እስቲ» ስትለኝ ኔትወርክ የለም አልኩ። ኔትወርክ ምስጋና ይግባው፣ ስንት ነገር ተሸክሞልናል።

ወደ ዩኖ ልመለስ። ዩኖ በየቀኑ ስለ ሞተ ሰው መለመኗን መቻል ያቅታታል። ደግሞም እጇ ኀዘን የነካው ሴት መሠዊያዋን እንድትነካባት አትፈልግም። ስለዚህ አይሪስን ወደ እንቅልፍ ዋሻ ትልካለች። ኦቪድ ያን ዋሻ ሲስል ሰው ያስተኛል፦ ዶሮ የማይጮህበት፣ ውሻ የማይነቃበት፣ ማጠፊያው ሲጥ እንዳይል በር የሌለው፣ ደጁ አደይ አበባ ሳይሆን የሚያስተኛ አበባ የሞላበት። አይሪስ ሕልሞቹን እንደ መጋረጃ በእጇ እየገለጠች ትገባለች። እንቅልፍ ራሱ አገጩ ደረቱን እየመታ፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ ከልጆቹ ሞርፌዎስን ይመርጣል፤ የሰውን መልክ፣ አካሄድና ድምፅ መምሰል የሚችለውን። ሞርፌዎስ የኬይክስን መልክ ለብሶ፣ ራቁቱን፣ ከጢሙ ውኃ እየተንጠባጠበ አልጋዋ አጠገብ ይቆማል። ሌላ መልእክተኛ አይንገርሽ፣ እኔው ራሴ መጥቻለሁ፣ ሞቻለሁ ይላታል። ተነሺና አልቅሺልኝ፤ ሳይለቀስልኝ አትስደጂኝ ይላታል።

በዚመርማን ቴአትር ሕልሙን የምታስልከው ዩኖ አይደለችም፤ የፍቅር አምላክ አፍሮዳይት ናት። እኔ ጽሑፌን የጀመርኩት በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ዚመርማን ነገሩን አጣፍጣዋለች ብዬ ተቸሁ። የኦቪድ ዩኖ ለራሷ ምቾት ብላ ነው፣ ኦቪድ የበለጠ ጨካኝና የበለጠ እውነተኛ ነው ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ እጄ ቆመ። ያቺ ጨካኝ ያልኳት ለራሷ ስትል እንኳ ነገረቻት። እኔ ለራሴ ስል ደበቅኩ። እሷ የሞተ ሰው ልመና ጆሮዋን ቆረቆራት፤ እኔ በግድግዳው በኩል በየማታው እየሰማሁ ተገላብጬ ተኛሁ። ስለ አክስቴ ደም ግፊት የማስበው ነገር እውነት ነበረበት፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። ያንን ለቅሶ ፈራሁ። ቤቱ እንዳለ እንዲቆይ፣ እራት በሰዓቱ እንዲቀርብ፣ ሰው ሁሉ «አንተን ይዛ ነው እንጂ» እንዲለኝ ፈለግሁ። ምሥጢር የያዘ ሰው ትልቅ ሰው ይመስላል፤ ያ ስሜትም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ጽሑፉን ትቼ ልምምድ ላይ ለመካስ ሞከርኩ። ገንዳ ስላልነበረን ከርካሽ ሱቅ በአየር የሚነፋ የሕፃናት መዋኛ ገዛን፤ ጠርዙ ላይ ዓሣዎች የተሣሉበት። አልኪዮኔን የምትሠራው የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ገንዳው ዳር ተኝታ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ከውኃው እነሳለሁ። ድምፄን ዝቅ፣ ሰበር አደረግሁ፤ አገር ቤት የሐምሌትን አባት መንፈስ የሠራሁበት ድምፅ ነው፤ አንድ ጊዜ አዳራሽ አስጨብጭቦልኛል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ።

መምህራችን እስክጨርስ ጠበቁና «አምሮብሃል» አሉ። «ችግሩ እሱ ነው። የመጣኸው ለመታየት ነው። ይህ ሰው የመጣው እኮ አንድ ነገር ሊነግራት ነው። ንገራትና ሂድ።»

«ተረዳሁ» አልኩ።

«እንደገና።»

እንደገና ሠራሁት። እንደገና አሉኝ። አራተኛው ላይ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ ብርድ ይዟት ይሁን ምን አላውቅም፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እኔ ውኃው ውስጥ ቆሜ ቃሉ ጠፋኝ። በቃሌ የማውቀው፣ አንድ መስመር ብቻ የሆነው፣ ሞቻለሁ የሚለው። ያኔ ሹራቡ ትዝ አለኝ። እጅጌዬን ሳብ ሳብ ያደረገችው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ያለችው። እኔ ለካ ይህን ክፍል ቤት ውስጥ ሠርቼው ነበር፤ የሞተውን ሰው መልክ ለብሼ ፊቷ ቆሜ፣ መናገር ያለብኝን ሳልናገር ልብሱን አውልቄ የሄድኩት ሞርፌዎስ እኔ ነኝ።

ከኮሌጁ ስወጣ ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። «ቅዳሜ» አልኳቸው። «ዘገየህ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

አርብ ማታ የአክስቴ ጓደኛ መኪናዬ ተበላሸ ብላ መጥታ አደረች። ሁለቱ ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ሲሳሳቁ ሰማሁ። እኔ አልተኛሁም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሦስት ሰዎች ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ፤ ነጠላና ጋቢ፣ ውጭ ውርጭ ስለነበር ትንፋሻቸው ገና ይጨሳል። አክስቴ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሽማግሌዎቹን አላየችም። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

ሊቀመንበሩ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለው ሲጀምሩ እጇን አነሳች።

«መቼ?» አለች፤ ለእኔ።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አጽናኝ ቃል፣ ምክንያት፣ ቃለ መጠይቁን፣ ደም ግፊቱን። «መስከረም አሥራ ዘጠኝ» አልኩ፤ ሌላ አልወጣኝም።

በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ መቁጠር ጀመረች፤ ጾም ስትቆጥር እንደምታደርገው። አንዱን እጅ ጨረሰች፣ ወደ ሌላው ተሻገረች። ስልሳ ሦስት ቀን ነው። የሆነ ቦታ ላይ ቆመች፤ የትኛው ቀን ላይ እንደቆመች አወቅሁ።

«መድኃኒቱን የዋጠው ማነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። ጓደኛዋ ከኋላ ይዛት ባይሆን ወለሉ ላይ ነበረች። እኔም ያን ሰዓት፣ በስልሳ ሦስተኛው ቀን፣ አጎቴ ሞቶብኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ብስክሌት ያስተማረኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የራሱን ፍራሽ አሸክሞ የላከኝ ሰው። እሷን ስጠብቅ እኔም አልቅሼለት አላውቅም። ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ፤ ማንም አልያዘኝም፤ መያዝም አልነበረባቸውም።

ቤቱ ለሰልስቱ በሰው ሞላ። ሰው ንፍሮ አመጣ፣ ወንበር አመጣ፣ የጭስ ደወሉን ባትሪ አንድ ሰው ጨርሶ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ጣለው። አክስቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከጥቁር ልብሷ በላይ ቡናማውን ሹራብ ደርባ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፋ ለቀስተኛ ተቀበለች። ሰው ሲበተንም አላወለቀችውም። ለእኔ ቡና ታቀርብልኛለች፣ እራቴን ትሸፍንልኛለች፤ አታናግረኝም። ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ ይህ ቁጣ አልነበረም። ስናገር ፊቴን ትታ አፌን ታያለች፤ እንደ መስማት የተሳነው ሰው፣ ከሚወጣው የትኛው እውነት እንደሆነ ለመለየት።

ትዕይንታችንን ያሳየነው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሰላሳ ያህል ሰው በተቀመጠበት ክፍል ነው። ብዙ የሚባል ነገር የለውም። ገንዳው በአንድ በኩል አየር እያፈሰሰ ነበር። ወጣሁ፣ ያለጌጥ ነገርኳት፣ ሄድኩ። ቺካጎና ኒው ዮርክ ላይ ያ ክፍል እንዴት እንደተሠራ በዓይኔ አላየሁም፤ በ2001 ኒው ዮርክ ሲገባ ከተማው ከመስከረሙ ጥቃት ከጥቂት ሳምንታት በላይ ያልራቀበት ወቅት ነበርና፣ ጠዋት ደህና ብሎ የወጣ ባል ሲሰምጥ እያዩ ተመልካቾች ያለቅሱ እንደነበር ተጽፏል። ይገባኛል። ሞርፌዎስ ያልመጣላቸው ብዙዎች ነበሩ።

ፀጉሬን ሳላደርቅ ባቡር ተሳፈርኩ። ቤት ስገባ አክስቴ ኩሽና ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነህ ነው? ውኃ ነህ እኮ» አለች። ከሰልስቱ ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ሙሉ ቃል ነው።

ፎጣ አመጣችልኝ። የት እንደነበርኩ ነገርኳት። ከዚያ እየጠየቀችኝ ታሪኩን በሙሉ ነገርኳት፤ የመርከቡን፣ የልብሱን፣ የዕጣኑን። ዕጣኑ ላይ ስደርስ ዝም ብላ ሹራቧን ቆለፈች። አልኪዮኔ በነጋታው ባሕር ዳር ሄዳ ሬሳው እየተንሳፈፈ ሲመጣ እንዳየች፣ ከግንቡ ላይ ስትዘል ከአየር ላይ ወፍ እንደሆነች፣ በክንፏ አቅፋው በጠንካራው አፏ ልትስመው እንደሞከረች ነገርኳት። ሁለቱም ወፍ ሆኑ፤ በክረምት ሰባት ቀን እንቁላሏን ባሕር ላይ ስትታቀፍ አባቷ ነፋሱን አስሮ ይይዝላታል አልኳት።

ለሁሉም ግድ አልነበራትም። «ስትስመው አወቃት?» አለች።

«ሰዉ ተከራክሯል» አልኩ። «ፊቱን ቀና ያደረገው ማዕበሉ ነው ያሉ ነበሩ። ግን አውቋታል፤ ተሰምቶታል።»

አፌን አየችው።

«መጽሐፉ ላይ ነው ያለው፣ ወይስ አንተ ነህ ያልከው?»

ቦርሳዬን ከወለሉ አነሳሁ፤ መጽሐፉ ጠርዙ ረጥቦ ገጾቹ ተጣብቀዋል። እያላቀቅሁ ገጹን ፈለግሁና ፊቷ ዘረጋሁላት። መነጽሯን አደረገች።